በማን ልጅ ይለማመዱ?

በሰፈሩ ሰው አፍ ሶፋ ሰሪው «ጋሽ ጥብቁ» ናቸው። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው የሚያስታውስ የለም፤ ለምን እንደወጣላቸው ግን ሁሉም ያውቃል። ስፌታቸው ጥብቅ ነው፤ እሳቸው የሰፉት ወንበር ጨርቁ አርጅቶ ይበጣጠሳል እንጂ ክሩ አይላቀቅም። ቃላቸውም እንደዚያው ነው። አንዴ «አይሆንም» ካሉ አበቃ። ሚስታቸው በሕይወት ሳሉ እንኳ ያን ቃል ማስለወጥ የቻሉት በስንት ልመና ነበር።

እንዲህ ያለ ጠባይ ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ያመጣል። ቤት ውስጥ ግን ሰው ሊገድል ይችላል፤ በጋሽ ጥብቁ ቤትም ሊገድል ምንም አልቀረው ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ በሱቁ ጥግ የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጣ አብራቸው የምትሠራ። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ይገኛል። ይህች ልጅ ባለፈው ዓመት በትልቁ ሆስፒታል የመጀመሪያ ልጇን ወለደች፤ ወንድ ነበር። ሲወለድ አላለቀሰም። በሰዓቱ አጠገቧ የነበረው አንድ ተለማማጅ ሐኪም ብቻ ነው፤ ጢሙ ገና በወጉ ያልበቀለ ልጅ። ጋሽ ጥብቁ ኮሪደሩ ላይ ቆመው፣ በተገለጠው መጋረጃ በኩል ሁሉንም አዩ። ተለማማጁ የአየር መስጫውን ጭምብል በሕፃኑ አፍና አፍንጫ ላይ ሲያደርግ፣ ሲያነሣ፣ ገልብጦ ሲያደርግ፣ አየር የሚገፋውን ከረጢት ሲጨምቅ፣ አየሩ በጎን ፍስስ እያለ ሲያመልጥ፣ ጣቶቹ ሲንቀጠቀጡ። ኋላ አለቃው እየሮጠ መጣና ተለማማጁን በሰው ፊት ሰድቦ ገፈተረው። ስድቡ ግን ሕፃኑን አልመለሰም። አንዲት ነርስ ወጣ ብላ፣ «አልተረፈም። አይዟችሁ፣ ገና ልጅ ናት፣ ትወልዳለች» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

«ልጄ ዳግመኛ የዚያን ቤት ደጃፍ አትረግጥም!» አሉ ጋሽ ጥብቁ በዚያው ቀን። ስፌቱም ጠበቀ።

አሁን ልጅቱ እንደገና ነፍሰ ጡር ናት። ሆዷ ገፍቶ ወደ ስፌት መኪናው መጠጋት አቅቷታል፤ በጎን ተቀምጣ ነው የምትሰፋው። አባቷ ደግሞ ከጀርባ መንገድ የሚኖሩ፣ ድሮ የሰፈሩን ሴቶች ያዋልዱ የነበሩ አሮጊት አነጋግረው ጨርሰዋል። እቤት ትወልዳለች፤ ተቆርጧል። እሷን የጠየቃት የለም።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጋሽ ጥብቁ የወንበር ክንድ ቆዳ እያለበሱ ሳለ፣ አንዲት ወጣት ሴት በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ በሱቁ በር ቆመች።

«ግቢ ልጄ፣ ግቢ። ደጅ አትቁሚ» አሉ ቀና ሳይሉ። «ብቻ ወዲያ ጠጋ በይ፤ የስፖንጁ ብናኝ ለሕፃን አይሆንም።»

«አመሰግናለሁ አባባ። ሕፃን አይደለም» አለች ሳቅ እያለች። «ወደ ፕላስቲክ መሸጫው ስሄድ ነው በመስኮት ያየሁዎት። ክብ ነገር እንዲህ ሳይጨማደድ የሚሰፋ ሰው ካለ ይሄንንም አያቅተውም ብዬ ገባሁ።»

ጥቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ገለጠችው። አሻንጉሊት ነው፤ ግን የልጅ መጫወቻ አይደለም። ቁመቱም ክብደቱም ገና የተወለደ ሕፃን ያህላል። አፉ ገርበብ ብሏል፤ አንገቱ ይታጠፋል፤ የደረቱ ቆዳ ተተርትሮ ከስሩ ቀጭን ፊኛ ይታያል።

የስፌት መኪናው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አሉ ጋሽ ጥብቁ።

«መለማመጃ ነው አባባ። የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ ተማሪዎችም አስተምራለሁ። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን ሲያጋጥማቸው አየር እንዴት እንደሚሰጡት በዚህ ላይ ይማራሉ። ያለን አንድ እሱ ነው። ሲቀደድብን የሚጠግነው ሰው አጣን።»

ጋሽ ጥብቁ ብርድ ልብሱን በአሻንጉሊቱ ፊት ላይ መልሰው ጣሉት።

«ሐኪም ነዎት?» አሉ። እስካሁን አንቺ ሲሏት የነበረችውን አሁን እርስዎ አሏት፤ አክብሮት ግን አልነበረም። ሰው በር ሲዘጋ የሚያወጣው ዓይነት «እርስዎ» ነበር። «እንግዲያው ሥራ በዝቶብኛል። ሌላ ቤት ይሞክሩ።»

«ምን አጠፋሁ አባባ?»

«እርስዎ ምን ያጠፋሉ! እናንተ መቼ አጥፍታችሁ ታውቃላችሁ? የሚያጠፋው የሚሞተው ነው።»

ሌላ ሰው ቢሆን ጥቅሉን አንሥቶ ውልቅ ይል ነበር። ሐኪሟ ግን የሰው ቁጣ ከየትም ተነሥቶ እንደማይመጣ ሥራዋ አስተምሯታል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ማን ሞተብዎት?» ስትል ጠየቀች።

የመለሰችላት ጥግ የተቀመጠችው ልጅ ናት። «ልጄ» አለች።

ይህን ጊዜ ጋሽ ጥብቁ መርፌውን ወረወሩት።

«አሁን ነው አሻንጉሊት የሚመጣው? ያኔ የት ነበር? ያኔ የልጅ ልጄ ነበር አሻንጉሊታችሁ! እኔ ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ሥራውን የማያውቅ እጅ ግን ሳይ አውቃለሁ። ጭምብሉን በየት በኩል እንደሚያደርገው እንኳ አያውቅም ነበር። ተማረበት! በእኛ ልጅ ተማረበት! አንቺም እዚያ ነበርሽ?»

«አልነበርኩም» አለች ሐኪሟ። «ብኖር ግን የእኔም እጅ ከዚያ ልጅ እጅ አይሻልም ነበር።»

«ይህን ስትነግሪኝ አታፍሪም?»

«አፍራለሁ። ስለማፍር ነው ይህን ታቅፌ የምዞረው። አባባ፣ እኛን ያስተማሩን በቃል ነው። መምህሩ ይናገራሉ፣ እኛ እንጽፋለን፣ ለፈተና እንሸመድዳለን። ከእንቅልፋችን ቀስቅሰው ቢጠይቁን አንድም ሳናስቀር እንወርድልዎታለን። ጭምብሉን በእጃችን የያዝነው ግን፣ ብዙዎቻችን፣ የሰው ልጅ ፊታችን ተኝቶ እየጠቆረ ሳለ ነው። አፋችን ያውቃል፤ እጃችን አያውቅም።»

«የማያውቅ እጅ ምን አስገባው?»

ሐኪሟ ጥያቄውን በጥያቄ መለሰችው። «እርስዎ ሥራ ያስተማሩት ሰው የለም?»

«ሞልቷል። በዚህ መንገድ ላይ ካሉት ሶፋ ሰሪዎች ግማሾቹ ከእኔ እጅ የወጡ ናቸው።»

«ሥራ በጀመሩበት ቀን የደንበኛ ቆዳ ይሰጧቸዋል?»

«እብድ ነኝ እንዴ? ቁርጥራጭ ነው የምሰጠው! ሲሰፋ ሲፈታ፣ ሲሰፋ ሲፈታ ይከርማል። እጁ ሲረጋ ነው የሰው ንብረት የሚነካው።»

«እኛ ቁርጥራጭ አልነበረንም» አለች ሐኪሟ።

ጋሽ ጥብቁ ሳያስቡት ጠረጴዛው ስር ወዳለው ጆንያ አዩ፤ አፉ ድረስ በቆዳ ቁርጥራጭ የተሞላ ጆንያ።

«የእኛ ቁርጥራጭ የሰው ልጅ ነበር» ስትል ቀጠለች። «የልጅዎ ልጅ። ይህን የምልዎት ያን ተለማማጅ ይቅር ይበሉት ለማለት አይደለም፤ ይቅርታው የእናንተ ነው። ግን እሱን ብቻ ረግመን ከተውነው፣ ነገ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሌላ ልጅ እዚያው ቦታ ላይ ይቆማል።»

እውነቷን ነው። ሰው በሞት ሲጎዳ አንድ ፊት መርጦ ይጠላል፤ ጥላቻው መድረሻ ይፈልጋላ። ያ ተለማማጅ ሲሰደብ ሁሉም ያየው እሱን ነበር። ለእጁ ልምድ ሳይሰጥ ወደዚያ ክፍል የላከውን ትምህርት ግን የሰደበው ሰው አልነበረም፤ ትምህርት ፊት የለውማ።

ጋሽ ጥብቁ ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። መርፌያቸውን ከወደቀበት አንሥተው፣ «ደግሞስ ይሄ ነገር እንደሚሠራ በምን አወቃችሁ?» አሉ። «ዛሬ አንዱን ትይዛላችሁ፣ ነገ ጥላችሁ ሌላውን። ጥናት ነው ትላላችሁ፤ የሚጠናው የእኛ ሰው ነው።»

«ጥያቄዎ የእኔም ጥያቄ ነው። የያዝኩት ጥናት እሱን ለማወቅ ነው» አለች። «የምንመዝነው ግን ሕፃናቱን አይደለም፤ ራሳችንን ነው። ከተማሪዎቹ ግማሹ እንደ ድሮው ትምህርቱን ሰማ፣ አሻንጉሊቱ ላይ አንድ ቀን ብቻ ተለማመደ፣ ሄደ። ግማሹ ግን ተረኛ በሆነ ቁጥር ሥራ ሳይጀምር ጥቂት ጊዜ አሻንጉሊቱን ይነካል። ከወራት በኋላ ሁሉንም ፈተንናቸው። አንድ ቀን ብቻ የተለማመዱት እርምጃዎቹን አሳምረው ይናገራሉ፤ እጃቸው ግን ረስቷል። ደጋግመው የነኩት ደረቱን ወዲያው ያነሡታል።»

ጋሽ ጥብቁ ዓይናቸውን አጠበቡ። «ቆይ እስቲ። እጁ የረሳው ተረኛ በሆነበት ቀን የተወለዱትስ?»

ሐኪሟ የብርድ ልብሱን ጠርዝ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«እነሱ ያገኙት ከዚያ በፊት ሁሉም ያገኝ የነበረውን ነው፤ ከዚያ ያነሰ አልሰጠናቸውም» አለች በመጨረሻ። «ልዩነቱን እንዳየን ልምምዱን ለሁሉም አደረግነው። ይህን ስልዎት ግን ልቤ ሞልቶ አይደለም። ሳናወዳድር ብንናገር አለቆቻችን አይሰሙንም፤ ‹እኛ ያለ አሻንጉሊት ተምረን ሐኪም ሆነን የለም ወይ› ይሉናል። ስናወዳድር ደግሞ እርስዎ ያሉት ጥያቄ አለ። ከዚህ የጸዳ መንገድ ቢኖር በእሱ እሄድ ነበር።»

«ቢያንስ አልዋሸሽም» አሉ ጋሽ ጥብቁ። ከእሳቸው አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረጉትን ራሳቸውም አላሰቡበትም። ብርድ ልብሱን ገልጠው አሻንጉሊቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ፤ ቆልማማ መርፌያቸውን አንሥተው የተተረተረውን ደረት መስፋት ጀመሩ። ቀጭን ቆዳ ከስሩ ለጥፈው፣ አየር እንዳያስወጣ ጠርዙን ሁለት ጊዜ መለሱበት። ሲጨርሱ ሐኪሟ ከቦርሳዋ ጭምብልና ከረጢት አውጥታ አሻንጉሊቱ ፊት ላይ ገጠመች፤ ከረጢቱን በዝግታ ጨመቀችው። ትንሹ ደረት ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ።

«ይሞክሩት» አለቻቸው።

ጋሽ ጥብቁ ዕድሜ ልካቸውን በእጃቸው የኖሩ ሰው ናቸው። ጭምብሉን ያዙ፣ ገጠሙ፣ ጨመቁ። አየሩ በጎን ፍስስ ብሎ ወጣ። አጥብቀው ተጫኑት፤ አሁንም ፍስስ አለ። ደረቱ ንቅንቅ አላለም።

«ጭንቅላቱን ያቅኑት አባባ፤ ብዙም ወደ ኋላ አይለጥጡት። ጭምብሉን በእነዚህ ሁለት ጣቶች ይያዙ፤ በቀሩት ደግሞ አገጩን ወደ ጭምብሉ ይሳቡት።»

ደጋግመው ሞከሩ። ግንባራቸው ላብ አወጣ። በስንት ሙከራ ደረቱ ትንሽ ከፍ ሲል እጃቸውን አንሥተው አዩት፤ ይንቀጠቀጣል።

«ይሄ እኮ ጨርቅ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ያ ልጅ... ነፍስ ያለው ነገር ላይ ነው ይሄን ሲያደርግ የነበረው።»

ከጥግ በኩል ልጃቸው ተነሥታ መጣች፤ ወገቧን በአንድ እጇ ደግፋ።

«አባዬ» አለች። «እኔ ሆስፒታል ነው የምወልደው።»

«ምን? ከአሮጊቷ ጋር ጨርሻለሁ እኮ!»

«እርስዎ ጨረሱ። እኔን የጠየቀኝ የለም። የሞተው የእርስዎ የልጅ ልጅ ነው፤ አውቃለሁ። የእኔ ግን ልጄ ነው። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ሐዘንዎን ላለመንካት ብዬ ነው። ይሄኛውም ሳይተነፍስ ቢወለድ አሮጊቷ ምን ያደርጋሉ? ከረጢት አላቸው? ጭምብል አላቸው?»

«እሳቸው እኮ ስንቱን አዋልደዋል!»

«የተነፈሱትን አዋልደዋል አባባ» አለች ሐኪሟ።

«ያልተነፈሱትን የሚቆጥራቸው የለም» አለች ልጃቸው።

ጋሽ ጥብቁ ልጃቸውን አዩ፤ ሆዷን አዩ። «አይሆንም» የምትለው ቃል አፋቸው ድረስ መጥታ ነበር፤ ዋጧት። በሕይወታቸው እንዲህ ያለ መራራ ነገር ውጠው አያውቁም።

«እንግዲህ» አሉ ለሐኪሟ፣ «ይሄን ነገር እኔው ብሠራውስ? አንድ ብቻ ምን ያደርግላችኋል? ጆንያ ሙሉ ቁርጥራጭ ይዤ!»

ከዚያ ወዲያ ሐኪሟ ወደ ሱቁ ደጋግማ ትመጣ ጀመር። ፊኛው፣ የአንገቱ አጣጠፍ፣ እንደ ሕፃን እንዲከብድ የሚሞላበት አሸዋ፣ ሁሉም ብዙ ተሠርቶ ብዙ ፈረሰ። በመጨረሻ የተዋጣለት አሻንጉሊት ወጣ፤ በትልቁ ሆስፒታል ማዋለጃ ክፍል ውስጥ፣ ተረኛ ሁሉ እያለፈ እንዲነካው፣ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

የልጅቱ ቀን ደረሰ። ባሏ መንገድ ላይ ነበር፤ ወደ ሆስፒታሉ የወሰዷት አባቷ ናቸው። ጋሽ ጥብቁ ኮሪደሩ ላይ ሆነው በመስታወቱ ወደ ውስጥ አዩ። ሐኪሟ የለችም። ከአዋላጇ ጋር የቆመው ተለማማጅ ነው፤ ይሄኛውም ጢሙ በወጉ አልበቀለም።

ሕፃኗ ተወለደች። አላለቀሰችም።

ጋሽ ጥብቁ በሩን ገፍተው ሊገቡ ቃጥቷቸው ነበር። እጃቸው እጀታውን ሳይነካ ግን ተለማማጁ ሕፃኗን በደረቅ ጨርቅ አሻሽቶ ጠረጴዛው ላይ አስተኝቷታል፤ ጭንቅላቷን አቅንቷል፤ ጭምብሉን ገጥሟል። አልተጣደፈም። ማንንም አልተጣራም። አዋላጇም የልብ ማዳመጫዋን ከትንሹ ደረት ላይ አድርጋ ራሷን በይሁንታ ትነቀንቃለች። ደረቱ ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከፍ አለ፣ ዝቅ አለ። ከዚያ ሕፃኗ ፊቷን ጨምድዳ፣ እግሯን ሰብስባ፣ የተቆጣች ሰው ጩኸት አሰማች።

ተለማማጁ በኋላ ወጥቶ፣ «እንኳን ደስ አለዎት አባት፤ ሁለቱም ደህና ናቸው» አላቸው። ጋሽ ጥብቁ ግድግዳውን ተደግፈው ቁጭ ብለዋል። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ይወርዳል።

«በቃ?» አሉት። «ይችን ታህል ነገር ነበረች?»

«ምኗ አባት?»

«ይችው! አንተ አሁን ያደረግሃት! በቃ ይችው ነበረች?»

ተለማማጁ የደስታ እንባ መሰለው። ትከሻቸውን መታ መታ አድርጎ፣ «አዎ፣ ብዙም አልደከምን» አለና ወደ ሌላዋ ወላድ ሄደ።

ብዙም አልደከሙም። ጋሽ ጥብቁን የገደላቸው ይህ ነው። የልጅ ልጃቸው የሞተው የማይቻል ነገር አጋጥሞት ቢሆን ኖሮ ሐዘኑ ሐዘን ሆኖ ያልፍ ነበር። የሞተው ግን በጥቂት ትንፋሽ እጦት ነው፤ ለአንድ ተማሪ እጅ ቀድሞ መለማመጃ ሊሰጥ ያሰበ ሰው ባለመኖሩ ነው። ልጃቸው አልጋዋ ላይ ሆና ሕፃኗን ስታጠባ አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። እሷም ያንኑ እያሰበች እንደነበር ከዓይኗ ያስታውቅ ነበር።

ዛሬ የጋሽ ጥብቁ አሻንጉሊቶች በብዙ ጤና ጣቢያዎች አሉ። ጥቅማቸውን ለመናገር ሩቅ መሄድ አያሻም። ተማሪው የሚሳሳተው ጨርቅ ላይ ነው፤ በስሕተቱ የሚቀበር የለም። አለቃውም ከሰደበ በኋላ ሳይሆን ከመስደቡ በፊት ያስተምራል። በፊት «ሞቶ ተወለደ» ተብለው ይጠቀለሉ ከነበሩት ሕፃናት አያሌዎቹ ሲያለቅሱ ይሰማሉ። ሐኪም ቤት የከዱ እናቶች ይመለሳሉ፤ አሮጊቷ እንኳ ምጥ የያዛትን ሴት እጇን ይዘው ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ጀምረዋል። ይህ ሁሉ የተገኘው እንዴት እንደምንማር ራሱን ብንመረምረው፣ ያየነውንም ብናምነው ነው።

ሆኖም ሰው የተማረውን ቶሎ ይረሳል። ባለፈው ሰሞን ጋሽ ጥብቁ የሰጧቸውን አሻንጉሊቶች ሊጠግኑ ከሐኪሟ ጋር እየዞሩ ነበር። በአብዛኛው ቦታ ደረታቸው አልቆ፣ አገጫቸው ተልጦ፣ በእጅ እድፍ ጠቁረው አገኟቸው። ጋሽ ጥብቁ ያንን ሲያዩ ፊታቸው ይፈታል። አንድ ጤና ጣቢያ ውስጥ ግን ኃላፊው ቁም ሣጥን ከፍቶ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ፣ አቧራ እንኳ ያልነካው አሻንጉሊት አወጣላቸው።

«እንዴት እንደያዝነው ይመልከቱ አባት» አለ ደስ ብሎት። «እንዳይበላሽ ብለን ማንም እንዳይነካው አድርገናል።»

ጋሽ ጥብቁ ፕላስቲኩን በጥርሳቸው ቀደዱት። አሻንጉሊቱን ታቅፈው ሳይጠይቁ ማዋለጃ ክፍሉ ገቡና በጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

«ይበላሽ!» አሉ ወደ ኃላፊው ዞረው። «እንዲበላሽ ነው የሰፋሁት። ይሄ ካልተበላሸ የሚበላሸው የሰው ልጅ ነው።»